የእሁድ ጠዋት ውሃ

ባለፈው ጥር ከቤቴ ጀርባ ካለው ጉልት ሽንኩርት ስገዛ ሻጯ አዲስ ከረጢት ፈታች፤ ከውስጡ የወጣው ሽታ ባለሁበት አቆመኝ። የሽንኩርቱ ሽታ አይደለም። ከሥሩ ጋር ተጣብቆ የመጣው አፈር ነው፤ ጥቁር፣ ፀሐይ የበላው፣ በውሃ ርሶ ገና ያልደረቀ አፈር። «የሮቢት ነው ጋሼ፣ ትናንት የተነቀለ» አለችኝ። ትናንት መነቀሉን አላመንኩም፤ ሽንኩርት ሻጭ ሁሉ እንደዚያ ይላል። የሮቢት መሆኑን ግን አውቄያለሁ። ይህን አፈር አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሃያ አራት ዓመቴ፣ አንድ እሁድ ጠዋት ሸዋ ሮቢት ውስጥ በመስኖ ቦይ ዳር ቆሜ አሽትቼዋለሁ።

ሽታ የሚያባባኝ ሰው አይደለሁም። ሠላሳ ስድስት ዓመት በጋዜጣ ሠርቻለሁ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ በጻፍኩት ዜና ላይ አንድም እርማት አልወጣም። ይህን ለጀማሪ ጋዜጠኞች ሥልጠና በሰጠሁ ቁጥር እናገረው ነበር። በጡረታ መሸኛዬ ዕለትም ተናገርኩት። በቀብሬ ላይ በሚነበበው የሕይወት ታሪክ ውስጥ እንዲገባም ለልጄ ነግሬያታለሁ። ስም ሁለት ጊዜ መጠየቅ፤ ሰዓትን ከራስ ሰዓት ላይ ማየት፤ ያለ ጽሑፍ ማስረጃ አለማመን፤ ዘመድ ባለበት ጉዳይ ዘመድን አለማነጋገር። ሥራዬ ይኸው ነበር፤ ከዚህ የበለጠ ምስጢር አልነበረውም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ስለ እናቴ አባት መጽሐፍ ልጽፍ ተነሣሁ። አያቴ ወልደየስ ከሮቢ ወንዝ በተጠለፈ አንድ ቦይ የሚያጠጡ ገበሬዎች የመረጧቸው የውሃ አባት ነበሩ። የውሃ አባት የሚባለው የማን ማሳ በየትኛው ቀን፣ ከመቼ እስከ መቼ ውሃ እንደሚያገኝ የሚወስነው ዳኛ ነው። የእጅ ሰዓት ስላልነበራቸው አንድ ድንጋይ ላይ ቆመው ጥላቸውን በጫማ እየለኩ ያካፍሉ እንደነበር እናቴ ትነግረኝ ነበር። «አባቴ ለገዛ ወንድሙ እንኳ ግማሽ ጫማ አይጨምርም» ትል ነበር። እኔ አልደረስኩባቸውም። እናቴ ደብረ ብርሃን ተድራ ወጥታ እኔን እዚያው ብርድ ውስጥ አሳደገችኝ፤ ቆላውን የማውቀው ከእሷ አፍ ነው። ጥንቃቄዬን ግን ከእሳቸው የወረስኩት ይመስለኝ ነበር፤ እሳቸው በጥላ እኔ በብዕር። መጽሐፉ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ከቆመ ስምንት ወር ሆኖት ነበር። ያንን ድንጋይ ባየው፣ አጠገቡ ጥቂት ብቀመጥ፣ የቀረው ይመጣልኛል ብዬ አሰብኩ። ሽንኩርቱን ቤት አስቀምጬ ቦርሳዬን አዘጋጀሁ።

ያኔ፣ በሃያ አራት ዓመቴ፣ ወደ ሮቢት የወረድኩት ጣሪያው ላይ ዶሮው ከአንሶላው የማይለይበት ጭነት በተከመረበት አውቶቡስ ነው። ለመንገድ ብዬ የለበስኩት መርካቶ ያሰፋሁት ቡናማ ኮት፣ እግሩ ሰፊ የሆነ ሱሪና ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ ነበር፤ ወደ ማሳ የሚሄድ ሰው እንደዚያ እንደማይለብስ የነገረኝ አልነበረም። ደብረ ሲና ላይ ቆምን። ሴቶቹ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ቆሎ በወረቀት ጠቅልለው በአስር ሳንቲም ይሸጣሉ። ሾፌሩ በክራር ብቻ የተዘፈነ አንድ ካሴት ከጣርማበር ጀምሮ እያገላበጠ ያጫውት ነበር፤ ዘፋኙ ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ የካሴቱ ክር በየአንዳንዱ ኩርባ ላይ ይጎተት ስለነበር ሰውየው ዳገት እየወጣ የሚዘፍን ይመስላል። ከደብረ ሲና ስንወርድ ኮቴን አወለቅሁ። ትንሽ ቆይቼ ክራባቴን ፈታሁ። ሮቢት ስንደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል፤ ሽርጥ ያገለደሙት የአገሩ ሰዎች ጥላ ሥር ተቀምጠው ያዩኛል።

አሁን የሄድኩት በሚኒባስ ነው። ጭነቱ ከወንበሩ ሥር፣ ዘፈኑ ከሾፌሩ ስልክ። ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። አንድ መሣሪያ ያነገተ ሰው ከቦርሳዬ ሦስት ባዶ ደብተሮች አውጥቶ አገላበጣቸው።

«ምን ልትጽፍ ነው?»

«ስለ አያቴ።»

«ምን አድርገው ነው አያትህ?»

«ውሃ ያካፍሉ ነበር።»

አልሳቀም። ደብተሮቹን አንድ በአንድ አራገፋቸው፤ ምንም ሲያጣ «ባዶ ደብተር ይዞ መንገድ ለመንገድ የሚዞር ሰው ደስ አይለኝም» ብሎ መለሰልኝ። ጊዜው እንደዚያ ያለ ጊዜ ነው፤ ሰውየው ላይ አልፈረድኩም።

ሮቢትን ያኔ አልወደድኳትም፤ ዛሬም አልወደድኳትም። ሙቀቱ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከአስፋልቱም ይነሣል፤ ሰው ከሁለት ወገን ይጠበሳል። ግን አንዲት ማዕዘን ነበረች። ከድልድዩ ወዲህ፣ ወደ ደሴ የሚያልፉ የጭነት መኪኖች የሚቆሙባት፣ በሯ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ሻይ ቤት ያለባት። ሻይ በአስር ሳንቲም፣ ፓፓያ ቁራጩ በአምስት። አልጋ በሁለት ብር ነበር፤ አልጋው ግቢ ውስጥ ከሰማይ በታች የተዘረጋ ጠፍር ነው፤ ቤት ውስጥ መተኛት የሚፈልግ ሰው አልነበረም። የመኪና ረዳቶች ብርጭቆውን በነጠላ ጫማቸው ምት እያስጨፈሩ ያንጎራጉራሉ። አሁን እዚያ ቦታ ላይ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ ምድሩ ላይ ባንክና የስልክ መለዋወጫ መሸጫ፣ ፊት ለፊቱ የባጃጅ ሰልፍ። ማንጎው ብቻ እንደ ድሮው መሬት ላይ ተከምሯል።

ያረፍኩበት ሆቴል ባለቤት እትዬ አስካለ የሚባሉ፣ ከእኔ ጥቂት የሚያንሱ ሴት ናቸው። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ዝቅ አድርገው መዝገቡን ገለጡ።

«ስምዎ?»

ነገርኳቸው።

«እስኪ ከነአባትዎ ይድገሙልኝ።»

ደገምኩላቸው፤ ስም ሁለት ጊዜ የሚጠይቅ ሰው ደስ ይለኛል። እሳቸው ግን ብዕሩን ሳይጽፉበት አስቀመጡት።

«ጋዜጣ ላይ የሚሠሩት?»

«የነበርኩት። አሁን ጡረታ ነኝ። ያውቁኛል?»

«ስምዎን ነው የማውቀው» አሉ። ቁልፉን እጄ ላይ አልሰጡኝም፤ ጠረጴዛው ላይ አንሸራተቱት። «ለዛሬ ብቻ ነው። ነገ ክፍሉን ሰው ይዞታል።» ከግቢው ስገባ ግን ከአሥራ ሁለት ክፍል የዘጠኙ ቁልፍ ከግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አይቼ ነበር።

ከምሳ በኋላ ባጃጅ ያዝኩ። የወልደየስ ቦይ ጋ ውሰደኝ ስለው ሽበታሙ ሾፌር በመስታወቱ አየኝና ሞተሩን አጠፋ። «ነዳጅ የለኝም» አለኝ። ሁለተኛው «እዚያ መንገዱ ተበላሽቷል» አለ። ሦስተኛው ምንም ምክንያት አልሰጠኝም፤ «ውረድ አባቴ» ብቻ። በእግሬ ሄድኩ። በትንሽ ከተማ ወሬ ከሰው ቀድሞ እንደሚደርስ አውቃለሁ፤ ግማሹን ዕድሜዬን በዚያ ወሬ ነው የኖርኩት። ምን እንዳደረግሁ ግን አላውቅም ነበር። እንዲያውም በመንገዴ ላይ እዚህ ሮቢት የሠራሁት ብቸኛ ዜና ትዝ ብሎኝ፣ እሱ እንዳልሆነ ለራሴ አረጋገጥኩ፤ በዚያ ዜና ውስጥ ያልተጣራ አንድም ነገር አልነበረምና።

ዜናው እንዲህ ነበር። ያ ጊዜ ሁሉም ነገር በመዝገብ የሚሆንበት ጊዜ ነው። ውሃም በመዝገብ ሆኗል፤ የገበሬ ማኅበሩ የእያንዳንዱን ሰው ተራ ከነሰዓቱ ጽፎ አስቀምጧል። አለቃዬ ተራ ሳይጠብቁ የሚያጠጡ አሉ ይባላልና ሄደህ አጣራ ብሎ ላከኝ። አገሩ የእናቴ አገር መሆኑን ለአለቃዬ ነገርኩት፤ ለሮቢት ሰው ግን ለማንም አልተናገርኩም። ዘመድ መሆኔ ከታወቀ ሰው ደስ የሚለኝን ይነግረኛል ብዬ ነው። እሁድ በማለዳ ቦዩ ዳር ደረስኩ። መዝገቡ ከንጋት እስከ ሦስት ሰዓት ያለው ውሃ የበላቸው ወልደየስ ነው ይላል። በላቸው የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ ነው። የቦዩን በር ከፍቶ የሚያጠጣው ግን ሌላ ሰው ነበር፤ ሰይድ ይመር ይባላል። ሰዓቴን አየሁ። ጠየቅሁት። «ተለዋውጠን ነው» አለኝ። ጽሑፍ አለህ ወይ አልኩት። የለኝም አለ። አጎቴን ልጠይቅ አልችልም፤ ዘመድ ነው። ሌላ ክርስቲያን ጎረቤት ልጠይቅ ብል ሁሉም ቅዳሴ ላይ ነበሩ፤ አውቶቡሱ ደግሞ በሦስት ሰዓት ይነሣል። ያየሁትንና የሰማሁትን ጽፌ ሄድኩ። ዜናው በፊት ገጽ ወጣ፤ ደስ አለኝ።

ቦዩ ጋ ስደርስ አንዲት ሴት መገንጠያው ላይ አካፋዋን ተደግፋ ቆማ ነበር። ዕድሜዋ ስድሳ ገደማ፣ ሻሿን ወደ ኋላ ያሰረች፣ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ። ቦዩ አሁን ሲሚንቶ ተለብጧል፤ በሩም ብረት ሆኗል። ሽታው ግን እዚያው አለ። ሰላምታ ሳልሰጣት ቀደመችኝ።

«አንተ ነህ?»

በእኔ ዕድሜ ያለ እንግዳ በዚያ አገር አንተ አይባልም።

«ማን ነኝ ብለሽ ነው?» አልኩ።

«ዘሀራ ሰይድ እባላለሁ። አስካለ ደውላልኛለች።» አካፋዋን መሬት ላይ ተከለችና እጇን እንደ ተማሪ ወደ ጎኗ አድርጋ ጀመረች። «እሁድ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ አቶ ሰይድ ይመር የተባሉ ገበሬ ከተራቸው ውጭ የቦዩን በር ከፍተው ሲያጠጡ ተገኝተዋል። ግለሰቡ ተለዋውጠን ነው ቢሉም ይህን የሚያስረዳ ጽሑፍ ሊያቀርቡ አልቻሉም።» አንድ ቃል አልሳተችም። «ልቀጥል? እስከ መጨረሻው እችለዋለሁ።»

«ከየት አገኘሽው?»

«ማኅበሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። አራተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ንባብ ትችላለች ተብሎ ሰልፍ ላይ እኔ ነኝ ያነበብኩት። ያባቴ ስም ላይ ስደርስ ዝም ስል መምህሩ ጮክ በይ አለኝ። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት ውስጥ ስሜ ዘሀራ አልነበረም። የውሃ ሌባ ልጅ ነበርኩ።»

 ጥያቄዬን አልጠበቀችም። «ሞቷል ብለህ ከሆነ የመጣኸው፣ አልሞተም» አለችኝና ወደ ማንጎው ዛፍ በአገጯ አመለከተችኝ።

አቶ ሰይድ ጠፍር አልጋ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። ዓይናቸው ውሃ ለብሷል፤ የሚያዩኝ አይመስለኝም። ሰላም ስላቸው «ወአለይኩም ሰላም» አሉ፤ በዚያች አገር ያገኘሁት የመጀመሪያው ሙሉ ሰላምታ ነበር። የመጣሁት የወልደየስን ድንጋይ ለማየት መሆኑን፣ የልጅ ልጃቸው መሆኔን ነገርኳቸው።

«የአበበች ልጅ መሆንህንማ እናውቃለን» አሉ የእናቴን ስም ጠርተው። «ወላሂ፣ የከፋው እሱ ነው። ሌላ ሰው ቢጽፈው አያውቅም እንል ነበር።»

«ምኑን ነው ማወቅ የነበረብኝ?»

አቶ ሰይድ ቀስ ብለው፣ አንዳንዴ ልጃቸው የረሱትን እያስታወሰቻቸው፣ ነገሩኝ። አባታቸው ይመርና አያቴ በዚህ ውሃ ተደባድበዋል። ቀላል ጥል አልነበረም፤ ይመር የአያቴን ክንድ በዱላ ሰብሯል። ጁምዓ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለው ተራ የይመር ነበር፤ በዚያ ሰዓት ይመር መስጊድ ነው። እሁድ ከንጋት እስከ ሦስት ሰዓት ያለው የአያቴ ነበር፤ በዚያ ሰዓት አያቴ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ውሃው ሁለቱንም ቀን ሁለቱንም ጥሎ ወደ አዋሽ ይሮጣል። አያቴ የተሰበረ ክንዳቸው ገና አንገታቸው ላይ እንደ ታሰረ ወደ ይመር ቤት መጡ። ‹ጁምዓህን ስጠኝ፣ እሁዴን ውሰድ› አሉት። ድንጋዩ ላይ ቆመው በቃል ተስማሙ። ሌሎቹም የቦዩ ሰዎች እነሱን አይተው እስላም ከክርስቲያን ተጣመረ። ጁምዓ ክርስቲያኑ፣ እሁድ እስላሙ ውሃ ይጠብቃል።

«ሲለኩት ግን አልተካከለም» አሉ። «የቀትር ጥላ አይሄድም፤ የጠዋት ጥላ ይሮጣል። በጫማ ሲለካ የኛ ቶሎ አለቀ። አያትህ ግማሽ ጫማ ጨመረልን።»

«ግማሽ ጫማ?» አልኩ። «ለወንድማቸው እንኳ አይጨምሩም ትል ነበር እናቴ።»

«ለወንድሙማ አልጨመረም። ለኛ ነው የጨመረው።»

ደብተሬን አውጥቼ ነበር፤ ግማሽ ጫማ ብዬ ጻፍኩ። ሳላስበው በልማዴ «ስምዎን ከነአባትዎ ይድገሙልኝ» አልኳቸው።

«ስሙን ያኔ በትክክል ነው የጻፍከው» አለች ዘሀራ ከኋላዬ። «ስሙ ላይ ስሕተት የለበትም።»

ከዜናው በኋላ የሆነውን እሷ ጨረሰችው። ማኅበሩ የአባቷን ተራ ለአንድ በጋ ሙሉ ነጠቃቸው። ጎመኑም ሽንኩርቱም ማሳ ላይ ደረቀ፤ አቶ ሰይድ በሬዎቻቸውን ሸጠው የሰው እርሻ ላይ ቀን ሠራተኛ ሆኑ። መለዋወጥ በስብሰባ ተከለከለ። በተከለከለ በሁለተኛው እሁድ፣ ቅዳሴ ቀርቶ ውሃ የሚጠብቅ ሰውና ቅዳሴ ሄዶ ውሃው የተወሰደበት ሰው ተደባደቡ። ቆይቶ የቦዩ እስላምና ክርስቲያን ለቅሶ መድረስ ተዉ። ማኅበሩ ከፈረሰ ስንት ዘመኑ ነው፤ ልማዱ ግን አልተመለሰም። «ዛሬም ጁምዓ ቀን መጥተህ እይ» አለችኝ። «ውሃው ዝም ብሎ ነው የሚወርደው። የወልደየስ ልጆች ቁጭ ብለው ያዩታል፤ እኛም ከመስጊድ ስንመለስ እናየዋለን።»

«አጎቴ ለምን አልተናገረም? ተራው የሱ ነበር። ሰጥቼዋለሁ ቢል ያልቅ ነበር።»

 ዘሀራ ቤት ገብታ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አመጣች። ሁለት ሉክ ወረቀት ነው፤ እጥፋቱ ላይ ሊቆረጥ ደርሷል። አጎቴ በላቸው ለጋዜጣችን፣ ይድረስ ለእኔ ብሎ የጻፈው ደብዳቤ። ውሃውን በፈቃዱ እንደ ሰጠ፣ ልውውጡ ከአባቱ የቆየ መሆኑን ጽፎ፣ የሰባት ክርስቲያን ጎረቤቶች ስም ከነፊርማቸው ዘርዝሯል። «የእህቴ ልጅ መሆንህን አውቃለሁ፤ ለዘመድ ብለህ ሳይሆን ለእውነት ብለህ አውጣልኝ» ይላል የመጨረሻው መስመር። ከላይ በኩል፣ በቀይ ቀለም፣ በሰያፍ የተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ የሚመለከተው አካል ማኅተም ይደረግበት።

ደብዳቤውን አላስታውሰውም። ቀዩን ጽሑፍ ግን አውቀዋለሁ፤ የእጄ ጽሑፍ ነው። በዚያ ዘመን የቅሬታ ደብዳቤ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ግርጌውን ነበር። ማኅተም ከሌለው ያንን ዓረፍተ ነገር ጽፌ ለተላላኪው እሰጠዋለሁ፤ በሳምንት አሥርም ሃያም ይሆናል። ይህን ያነበብኩት አይመስለኝም። አንብቤው ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው።

«ማኅተሙ ያለው ማኅበሩ እጅ ነበር» አሉ አቶ ሰይድ። «የቀጣን እሱ ነው። እንዴት ያትምልን? በላቸው ሦስት ጊዜ ሄደ። ሲያቅተው ደብዳቤውን ይዞልኝ መጣ። ‹ይኸው፣ ጽሑፍ የለውም ብሎሃል፤ ጽሑፍ ያዝ› ብሎ ሰጠኝ። እስኪሞት ድረስ ቤቴ ደጃፍ ሲደርስ አንገቱን ይደፋ ነበር፤ የእህቴ ልጅ ነው እያለ። ያልሰረቅሁት እኔ፣ ያልጻፈው እሱ፣ ሁለታችንም አፍረን ኖርን።»

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ቃሉን በሕይወቴ ለሥራዬ ተጠቅሜበት ስለማላውቅ ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

አቶ ሰይድ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። «አፉ ልልህ እችላለሁ። ቀላል ነው፤ አላህም ይወደዋል። አፉ ብልህ ግን እዚያ ጋዜጣ ላይ ያለው አይጠፋም። እዚህ ማንጎ ሥር ተቀምጠህ ለእኔ የነገርከኝን ማን ሰማው? ያኔ አገር ነው የሰማው። ስሜን ጽፈህ፣ ቀኑን ጽፈህ፣ እንዳወጣኸው አድርገህ መልሰው። እኔ ዘጠና ሊሞላኝ ነው። ቶሎ አድርገው።»

«ጋዜጣው እኮ ከቀረ ቆየ» አልኳቸው።

«ጸሐፊው አልቀረም» አለች ዘሀራ።

ልሄድ ስነሣ ድንጋዩ የት እንዳለ ጠየቅኳት። የጠየቅሁበት ሰዓት እንዳልሆነ እያወቅሁ ነው የጠየቅኳት፤ የመጣሁት ለሱ ነበርና። ከማሽላው በስተጀርባ ያለውን ቦታ ልታሳየኝ እጇን ዘርግታ መለሰችው።

«ድንጋዩ እኛ መሬት ላይ ነው ያለው። የትም አይሄድም። መጀመሪያ ጻፍ፤ ከዚያ ናና እይ። አባቴ በሕይወት እያለ ከመጣህ ራሱ ላዩ ላይ ያቆምሃል። ከሞተ በኋላ ግን እንዳትመጣ።»

በነጋታው ክፍሉን «ሰው ይዞታል» ተብዬ ወጣሁ። ሚኒባስ እስኪሞላ ያቺ ማዕዘን ላይ፣ የድሮው ሰማያዊ በር በነበረበት ቦታ ቆምኩ። ማንም ቁጭ በል አላለኝም። ወደ ደብረ ሲና ስንወጣ ነፋሱ ቀዝቀዝ ሲል ኮቴን ለበስኩ። እናቴ በሕይወት ብትኖር ምን እንደምነግራት ማሰብ ጀምሬ ተውኩት። ስለ አያቴ የጻፍኳቸውን ሦስት ምዕራፎች ቤት ገብቼ አነበብኳቸው። ሕግ አክባሪ፣ የማያዳላ፣ ከመስመር የማይወጣ ሰው ናቸው፤ ማለትም እኔን ይመስላሉ። ክንዳቸውን ወደ ሰበረው ሰው ቤት የሄዱት ሽማግሌ፣ ግማሽ ጫማ የጨመሩት ዳኛ፣ በውስጡ የሉም። ቀደድኩት አልልም፤ መሳቢያ ውስጥ ነው። ከእሱ በፊት የሚጻፍ ነገር አለ።

እርማት። በጋዜጣችን ፊት ገጽ፣ በእኔ ስም በወጣ ዜና፣ አቶ ሰይድ ይመር እሁድ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ ከተራቸው ውጭ ሲያጠጡ ተገኝተዋል ተብሎ ተጽፏል። ሰዓቱ ትክክል ነው። ስሙ ትክክል ነው። የቀረው ስሕተት ነው። የእሁድ ጠዋት ውሃ በወልደየስና በይመር ስምምነት፣ ለጁምዓ ቀን ውሃ ልዋጭ የተሰጣቸው ነበር፤ ተራው የራሳቸው ነበር። ይህን የሚያስረዳ የበላቸው ወልደየስ ደብዳቤ ከሰባት ምስክሮች ፊርማ ጋር በጊዜው ለጸሐፊው ደርሶታል። ደብዳቤው ሳይወጣ የቀረው በጸሐፊው ጥፋት ነው። አቶ ሰይድ ይመር ውሃ አልሰረቁም።

ጽሑፉን ለሚያወጣልኝ ሁሉ እልካለሁ፤ አንዱን ቅጂ ለዘሀራ ዛሬ በሚኒባስ ልኬያለሁ። ማኅተም የለውም።